ከካቡ ማዶ

ጥቅምት 8

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፣

ሰላምታዬ ካለህበት አገር ብርድ ቀድሞ ይድረስልህ። ፈጣሪ ጤናህን ይጠብቅልኝ፣ የምትሠራላቸውን ሰዎች ልብ ያራራልህ። ያ ጉሮሮህ ተሻለህ? እኛ ሁላችንም አለን። አባባ ደህና ናቸው። ባለቤቴም ደህና ነው፤ ግንበኛ ሥራ ሲያጣ እንደሚሆነው የእኔኑ ግድግዳ እያፈረሰ መልሶ ይገነባል። ትንሿ ልጄ የፊት ጥርሷ ወልቆ ስትስቅ አሮጊት መስላለች። ያንተን ፎቶ ከስፌት መኪናዬ በላይ ስለሰቀለችው ልብስ ሊያሰፋ የመጣ ሁሉ ማን እንደሆንክ ይጠይቀኛል። «ሊመጣ ያለ ወንድሜ ነው» እላለሁ። ስንት ዓመት እንዲህ እንዳልኩ የሚያውቁት ዝም ብለው ልካቸውን ያስለካሉ።

ደብዳቤ መጻፍ እንዲህ እጅ እንደሚያዝል ረስቼው ነበር። የስልኩን ማማ ነፋስ ከጣለው ወዲህ ሊያነሣው የመጣ የለም፤ «ለእናንተ ለጥቂቶቹ አያዋጣም» አሉን። ስለዚህ ፖስተኛችን የውሃ ቦቴው ሹፌር ሆኗል። ውሃ ሲያመጣ ደብዳቤ ይወስዳል። ሲጠፋ ግን ውሃውም ደብዳቤውም አብረው ይጠፋሉ፤ ብዘገይ አትቀየመኝ።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ጉድጓዳችን ጨው ሆነ። ሳሙና አረፋ አልሰጥ ብሏል፣ ሻዩ አፍ ይይዛል፣ ከበሩ አጠገብ ያለው የሎሚ ዛፍ ቅጠሉ ከዳር ከዳር ነድዷል። ወንዙ ከወረደ ዓመት አለፈው፤ ያቺም የመጨረሻዋ ጎርፍ ድንጋይ እንጂ ውሃ አላመጣችም። አባባ «ጉድጓዱ ዝቅ ተደርጎ ይቆፈር» ይላሉ። ባለቤቴም ተስማምቷል። ከጥልቅ የሚስብ ብርቱ ፓምፕ ያስፈልገናል፤ ከቻልክ ላክልን። ካልቻልክ ደግሞ አንተ ምድርን ከሰማይ እያየህ ካርታ የምትሥል ሰው ነህና የት ብንቆፍር እንደሚሻል ጻፍልን።

ጎርፏ ያመጣችውን ድንጋይ ሰው ሁሉ እንደ ልማዳችን ከየግቢው ለቅሞ ወንዙን ከሰፈራችን በሚከልለው ካብ ላይ ጨምሯል። አባባ አሁንም የካቡ አለቃ ናቸው። በከዘራቸው እየመቱ «አያቴ እስከ ጉልበት ካቡት፣ አባቴ እስከ ደረት፣ እኔ ከራሴ በላይ አደረስኩት» ይላሉ፤ ቀጥሎ ደግሞ ያንተን ስም ጠርተው መንገዱን ያያሉ።

መቼ ነው የምትመጣው? ለዚህች ጥያቄ መልስ የሌለው ደብዳቤ ብትልክ ጎደሎ ነው ብዬ እመልሰዋለሁ።

የምትናፍቅህ እህትህ

ኅዳር 2

ለእትዬ፣

እጅሽን ስሜ፣ የአባባን ጉልበት ስሜ ልጀምር። ለባለቤትሽ ሰላምታ፣ ለጥርስ የለሿ እመቤት ደግሞ ጉንጭ ሙሉ መሳም። ቤታችሁን ክፉ አይንካው። ጉሮሮዬ ድኗል። ቢሮው ይሞቃል፣ ሥራው እንደ ድሮው ነው፣ ስለ እኔ ሌላ የሚወራ የለም።

ስለ ጉድጓዱ፦ እባካችሁ ዝቅ አድርጋችሁ አትቆፍሩ። ፓምፕም አልልክም፤ ስስት እንዳይመስልሽ። ጨዉ የሚመጣው ከታች ነው። እኛ የምንጠጣው ጎርፍ በወረደ ቁጥር ጠጠሩ ውስጥ ሰርጎ የሚጠራቀመውን ውሃ ነው። እሱ ከላይ ይተኛል፣ የባሕሩ ውሃ በምድር ውስጥ ለውስጥ ገብቶ ከሥሩ ይተኛል። ጎርፍ ሲቀርና እኛ መቅዳታችንን ስንቀጥል የላይኛው ይሳሳል፣ ባሕሩ ይነሣል። ዝቅ ባላችሁ ቁጥር ወደ ባሕሩ ነው የምትሄዱት።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ወዲህ የሰፈራችንን ፎቶ ከሰማይ ላይ አውጥቼ በምሳ ሰዓቴ ሁሉ አየዋለሁ። ምን እንደሚመስል ታውቂያለሽ? የተዘረጋ ማራገቢያ። እጀታው የገደሉ አፍ ነው፣ ጫፉ ባሕሩን ይነካል። ያ ሁሉ መሬት፣ ቤታችንም፣ የሎሚው ዛፍም የቆመበት፣ ወንዙ ከተራራ ተሸክሞ ያፈሰሰው ነው። ልጅ ሆነን ከገደሉ ሥር ቋጥኝ፣ ከሰፈራችን ጠጠር፣ ከባሕሩ አጠገብ አሸዋ የሆነበትን ምክንያት ስንጠይቃቸው አባባ «ወንዝም ይደክመዋል» ይሉን አልነበር? ልክ ነበሩ። ገደል ውስጥ ተጣብቦ ሲሮጥ ሁሉን ይሸከማል፤ ሜዳ ሲወጣ ተበትኖ ጉልበቱ ይከዳዋል፤ ከባዱን አስቀድሞ፣ ቀላሉን አስከትሎ እየጣለ ይወርዳል። ችግሩ የሚጥለው በራሱ መንገድ ላይ መሆኑ ነው። መንገዱ ሲደፈንበት ዞሮ ዝቅ ያለውን ይፈልጋል። አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ እያለ ነው ማራገቢያውን የዘረጋው። በእኛ ዕድሜ ግን፣ በአያታችንም ዕድሜ፣ ቦታውን ለቆ አያውቅም።

አሁን አንድ ነገር አስቸግርሻለሁ። ባለቤትሽ ለግንብ ሥራ ውሃ ልክ የሚያይበት ረጅም ቱቦ አለው አይደል? ውሃ ሞልታችሁ አንዱን ጫፍ ወንዙ ውስጥ ጠጠሩ ላይ፣ ሌላውን በራችን ላይ ያዙና የቱ ከፍ እንደሚል እዩልኝ። ለምን እንደሆነ ከመልሳችሁ በኋላ እነግርሻለሁ። እዚህ ፎቶው ላይ ያየሁት ነገር አለ፤ ፎቶው ቢሳሳት ደስ ይለኛል።

ወንድምሽ

ታኅሣሥ 11

ይድረስ ለወንድሜ፣

ፈጣሪ ከነሙሉ ጤናህ ያቆይህ፤ እኛ እንዳለን አለን። ቦቴው ሳይመጣ ሰንብቶ ደብዳቤህ ገና ባለፈው ሳምንት ደረሰኝ። ፓምፕ ስጠይቅህ ትምህርት ላክህልኝ፤ ደግ ነው፣ ትምህርት ጨው የለውም። መቼ እንደምትመጣ ግን አሁንም አልነገርከኝም። ፊት ለፊቴ ብትሆን ኖሮ አውቅብህ ነበር፤ ልጅ ሆነህም ነገር ስትደብቅ ጆሮህ ቀልቶ ያሳጣሃል። ወረቀት ጆሮ የለውም ብለህ ነው?

ያልከውን አደረግን። ቤታችን ካቡ ሥር በመሆኑ ቱቦው ተንጠራርቶ ደረሰ። ባለቤቴ አንዱን ጫፍ ይዞ ካቡን ተሻግሮ ወንዙ ውስጥ ገባ። እኔ ሌላውን ይዤ ደጃፋችን ላይ ተቀመጥኩ። ውሃ በሁለቱም ጫፍ እኩል እንደሚቆም አውቃለሁ፤ «ዝቅ አድርጊ» ይለኛል ብዬ ስጠብቅ «ከፍ!» ብሎ ጮኸ። ከፍ አደረግሁ። ከቱቦው ጫፍ ውሃው እየተንደቀደቀ ይፈስብኛል። «ኧረ ከፍ አድርጊ!» ተነሥቼ ቆምኩ። «ከፍ!» የሚቀልድ መስሎኝ ተቆጣሁ። በመጨረሻ የስፌት ወንበሬን አምጥቼ ላዩ ላይ ወጣሁ፤ ያኔ ነው መፍሰሱ የቆመው። ውሃው ከበራችን መቃን በላይ ነበር። ልጄ ከሥሬ ሆና «እማዬ፣ ወንዙ ጣራ ላይ ነው?» አለችኝ። ሳቅኩ። ከዚያ ጥያቄዋ ገባኝና ወረድኩ።

አባባ ከሎሚው ሥር ተቀምጠው ሲያዩን ነበር። መጡና ቱቦውን ከእጄ ተቀብለው ውስጡ ያለውን ውሃ መሬት ላይ ደፉት። አባባ ውሃ ሲደፉ ያየሁት በሕይወቴ ያን ቀን ብቻ ነው። «የሰፈሩን ሰው በቱቦ አታስደንግጪ» አሉኝና ወደ ካቡ ሄዱ።

እኔ ልጅ አይደለሁም። ያየኸውን በግልጽ ጻፍልኝ።

እህትህ

ጥር 6

ለእትዬ፣

ሰላም ለቤታችሁ ይሁን፣ የአባባን ዕድሜ ያርዝምልን። በግልጽ ጻፍ ስላልሽ ሳላሽሞነሙን እጽፋለሁ።

ፎቶው አልተሳሳተም። ጎርፍ በመጣ ቁጥር ድንጋዩን ከግቢያችን ለቅመን ካቡ ላይ እንከምራለን። ካቡ ወንዙን አላስወጣው ሲል ወንዙ የሚጥለውን ሁሉ እዚያው በካቦቹ መካከል ይጥላል። የወንዙ ወለል ከፍ ሲል ካቡን ከፍ እናደርጋለን፤ ካቡ ከፍ ሲል ወለሉ ይከተለዋል። ሦስት ትውልድ እንዲህ እየተሽቀዳደምን ወንዙን ከራሳችን በላይ አንጠልጥለነዋል። በሌላ አገር ወንዝ ሸለቆ ውስጥ ነው የሚሄደው፣ የእኛ ኮረብታ ላይ ነው።

ዝናቡ ስለቀረ ጎርፉም የቀረ እንዳይመስልሽ። እንደውም የሚያስፈራኝ ድርቁ ነው። ድሮ ተራራውን ቁጥቋጦው ይዞት ነበር፤ አሁን ደርቆ አልቋል። ድንጋዩ በሙቀት እየተሰነጠቀ ገደሉ ውስጥ ተከምሮ የሚገፋውን ይጠብቃል። ባሕሩም ከድሮው ይልቅ ሞቋል፤ ደመናው ከስንት አንዴ ነው የሚነሣው፣ ሲነሣ ግን በአንድ ከሰዓት በኋላ የዓመቱን አፍስሶ ይሄዳል። ያን ቀን ወንዙ የራሱን አልጋ ይሞላና ዝቅ ወዳለው ይዞራል። ዝቅ ያለው ደግሞ የእኛ ሰፈር ነው። ካቡ ከቤታችን በላይ ካለው መታጠፊያ ይበጠሳል።

ሁለት ነገር ብቻ ይቻላል። አንደኛው ሰዉ ሁሉ ቤቱን ለቆ ከመኪና መንገዱ በላይ ወዳለው አለት መውጣት ነው። ሁለተኛው ከገደሉ አፍ ዝቅ ብሎ የግራውን ካብ መክፈት ነው። በግራ በኩል ወንዙ ጥንት ይሄድበት የነበረ ያረጀ መንገድ አለ፤ ከተከፈተለት ያንን ይዞ ወደ ባሕሩ ይወርዳል። በዚያ በኩል ቤት የለም።

ለአባባ አንብቢላቸው። እሳቸው ካላዘዙ ካቡን የሚነካ ሰው እንደሌለ አውቃለሁ።

ወንድምሽ

የካቲት 20

ይድረስ ለወንድሜ፣

ጤና ይስጥህ። ከዚህ የረዘመ ምርቃት ዛሬ ከአፌ አይወጣም።

«በዚያ በኩል ቤት የለም» ብለህ ጻፍክ። እውነት ነው፤ ቤትማ የለም። በዚያ በኩል ያለው የመቃብር ቦታው ነው። በዚያ በኩል እማዬ አለች። ይህን ለመጻፍ እጅህ እንቢ እንዳለህ ገብቶኛል፣ ግን እንዲህ ዘልለኸው ስታልፍ አንጀቴ አረረ። አንተ ባሕር ማዶ ነበርክ። እማዬ በተቀበረች ዓመት አባባ የግራውን ካብ ብቻቸውን ሲያነሡ ያየኋቸው እኔ ነኝ። ያኔ በዚያ በኩል ካብ አልነበረም። «ውሃ አይነካትም» እያሉ ድንጋይ በደረታቸው ተሸከሙ። ሸሚዛቸውን እኔ ነበርኩ የምጥፈው፤ ደረቱ ላይ ጨርቅ አልቆይ ብሎኝ።

ደብዳቤውን አነበብኩላቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። «ጨረስሽ?» አሉ። «ጨረስኩ» አልኩ። «እንግዲህ ልጄ ካርታ ሲሥል እናቱን አልሣላትም» ብለው ተነሡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መታጠፊያው ላይ ድንጋይ እየጨመሩ ነው። ሰዉም ያግዛቸዋል። ባለቤቴ እንኳ በዐይኑ ያየውን ትቶ ያግዛቸዋል፤ «ምን ልበላቸው?» ይለኛል።

ለቃችሁ ውጡ ትላለህ። ወዴት? አለቱ ላይ ጥላ እንኳ የለም። ለቀው የሄዱት ጎረቤቶቻችን ከተማው ዳር ላስቲክ ወጥረው ነው ያሉት። እኔ የስፌት መኪናዬን ተሸክሜ፣ አባባን አዝዬ የት ልድረስ? ከሰማይ ሆኖ መምከር ቀላል ነው።

ፓምፑን ተወው። ከእንግዲህ የምለምንህ አንድ ነገር ነው፦ ና። እኔን አይሰሙኝም። አንተ መጥተህ ፊታቸው ቆመህ ብትነግራቸው ጆሮህን አይተው እውነት መሆኑን ያውቃሉ። ለእናትህ ቀብር አልደረስክም፤ ለእኛ ድረስልን።

እህትህ

መጋቢት 9

እትዬ፣

ሰላምታ ሳላሳምር ይቅር በይኝ፤ ወሩ እያስፈራኝ ነው። በየጠዋቱ መጀመሪያ የምከፍተው የእናንተን ሰማይ ነው። ባሕሩ ላይ ደመና እየተጠራቀመ ነው።

መምጣት አልችልም። ለምን እንደሆነ አትጠይቂኝ። እንቢ ብዬ እንዳልሆነ ብቻ እመኚኝ።

እማዬን አልረሳኋትም። ፎቶው ላይ የግራውን ወገን ባየሁ ቁጥር ዐይኔን ወደ ቀኝ የማዞር ሰው ሆኛለሁ። ግን አንቺ በሕይወት አለሽ፣ ያቺ ጥርስ የለሿም አለች። ከዚህ በታች ያለውን ለአባባ አንብቢላቸው።

አባባ፣ ጉልበትዎን ስሜ ነው የምጽፈው። ካቡ ባይኖር እኛ አናድግም ነበር። በእርስዎ ድንጋይ ሥር ነው ደረቅ መሬት ላይ የተኛነው፣ የተማርነው፣ የተዳርነው። ካቡ ሥራውን ሠርቷል፤ አሁን ግን ከአቅሙ በላይ ተሸክሟል። የግራውን ካብ ያስከፍቱት፤ ከእርስዎ በቀር ሰዉ የሚታዘዘው የለም። እባክዎ።

ይህችን ግን አታንብቢላቸው፣ ላንቺ ብቻ ናት። የድሮና የአሁን ፎቶዎችን አስተያይቻለሁ። ወንዙ በፍጥነት ከፍ ማለት የጀመረው የግራው ካብ ከቆመ ወዲህ ነው። በፊት የሚተነፍሰው በዚያ ወገን ብቻ ነበር። አባባ ይህን ሳያውቁ ይኑሩ።

ወንድምሽ

ሚያዝያ 28

ይድረስ ለወንድሜ፣

ሁላችንም በሕይወት አለን። ሌላውን ከማንበብህ በፊት ይህችን ደግመህ አንብባት። መንገዱ ተቆርጦ ቦቴው ስላልመጣ እንጂ ያን ቀን ነበር ልጽፍልህ የነበረው።

ደብዳቤህን ለአባባ ሳነብ «አታንብቢላቸው» ያልከው ላይ ስደርስ ዘለልኩ። ዐይናቸው ቢደክምም ገጹን አጋምሼ ማጠፌን አዩ። «ቀሪውን» አሉኝ። «አለቀ» አልኩ። «ልጄ፣ አንቺም እንደ ወንድምሽ ነሽ፤ ጆሮሽን እዪው» አሉኝ። አነበብኩት። ምን ላድርግ? አነበብኩት።

ውሃ ጠየቁኝና ጨዋማውን ጭልጥ አድርገው ጠጡ። ከዚያ የባለቤቴን ድጅኖ አንሥተው ወደ ገደሉ አፍ ወጡ። ተከተልናቸው። የግራው ካብ ጋ ደርሰው ትንሽ ቆሙ፤ ከላይ ያለውን ድንጋይ በሁለት እጃቸው አነሡና እንደ ሕፃን ቀስ ብለው መሬት አስቀመጡት። ቀጥሎ ሌላ። ሰዉ አበዱ አለ። የሌሎቹም ሙታን እዚያው ናቸውና አንዲት ጎረቤታችን መጥታ እጃቸው ላይ ተንጠለጠለች፤ «የእኔን ባል ውሃ ሊያስበሉት ነው?» ብላ ጮኸች። አባባ «የእኔም ሚስት እዚያው ናት» አሏት። ሴትየዋ እጃቸውን ለቀቀች። በማግስቱ እሷም ድንጋይ ታነሣ ነበር።

ለቀናት አፈረስን። አባባ ብቻቸውን የካቡትን ስናፈርስ እጃችን ደማ። ጎርፉ የመጣ ዕለት እኛ ጋ ጠብታ አልዘነበም፤ ፀሐይ ነበር፣ ልብስ አስጥቼ ነበር። ተራራው ብቻ ከሰል መስሏል። መጀመሪያ የመጣው ሽታ ነው፣ የእርጥብ አፈር። ከዚያ ገደሉ ማጓራት ጀመረ። ሁላችንም ወደ አለቱ ሮጥን። ባለቤቴ አባባን አዝሎ ሮጠ፣ እኔ ልጄን ይዤ የስፌት መኪናዬን ጥዬ።

ውሃ አይምሰልህ። ድንጋይ ነው የሄደው፤ ቋጥኝ በቋጥኝ ላይ እየተንከባለለ። ወደ ሰፈራችን መታጠፊያ መጣ፣ ካቡን ሲነካው ከአለቱ ላይ ሆነን ድምፁን ሰማን፣ እዚያ ያለ ሰው ሁሉ ጭንቅላቱን ያዘ። ከዚያ ከኋላ የሚከተለው ከላይ የከፈትነውን አገኘና ወደ ግራ ታጠፈ። ሲታጠፍ አየነው። እልል ያለ አንድም ሰው አልነበረም። ሁሉም የየራሱን ሙታን ነበር የሚያየው።

ቤታችን ቆሟል። የሎሚው ዛፍ ቆሟል። የመቃብር ቦታው የለም። ከካቡ ማዶ እስከ ባሕሩ ድረስ ነጭ ጠጠር ብቻ ነው፤ የት ተጀምሮ የት እንደሚያልቅ አይታወቅም።

አሁን የሚያስጨንቀኝ አባባ ናቸው። በየማለዳው አካፋ ይዘው ይሄዳሉ። ጠጠሩን ይቆፍራሉ፣ የቆፈሩት ይደረመሳል፣ ሌላ ቦታ ይጀምራሉ። «እዚህ ጋ ናት፣ አይ እዚያ ጋ» ይላሉ። እህል አይቀምሱም። መዳፋቸው ተልጦ አካፋው ላይ ይጣበቃል። ተዉ ስላቸው «ውሃ አይነካሽም ብያት ነበር» ይሉኛል። ትናንት ምን እንዳሉኝ ታውቃለህ? «ወንድምሽ ከሰማይ ያያል አይደል? እናቱ የት እንዳለች አይቶ ይንገረኝ። ሌላ ምንም አልጠይቀውም።»

ፎቶ አለኝ ብለሃል፣ የድሮና የአሁን። ፈልግልን። ቶሎ በል፤ ሰውየው እየሞቱብኝ ነው።

እህትህ

ግንቦት 19

እትዬ ዓለሜ፣

ፈጣሪ ሁላችሁንም ስላተረፈልኝ ደብዳቤሽን ይዤ ደረጃ ላይ ተቀምጬ አልቅሻለሁ። አላፊ አግዳሚው እየዞረ ያየኝ ነበር።

ያለኝን ፎቶ ሁሉ አወጣሁ። ከጎርፉ በፊት የተነሣው ላይ የመቃብር ቦታው ግራጫ ነገር ሆኖ ይታያል፣ ጥፍር የምታህል። መቃብር ከመቃብር አይለይም። ከጎርፉ በኋላ ያለው ላይ ሁሉ ነጭ ነው፤ ወንዙ አዲስ ጣት አውጥቶ እስከ ባሕሩ ዘርግቷል። አንዱን በአንዱ ላይ ደርቤ ለመለካት ሞከርኩ። ምልክት የሚሆን ዛፍ የለም፣ አጥር የለም። እዚህ ጋ ናት ብል ውሸት ነው። ምናልባት ከዚህ እስከዚያ ካለው ሁሉ ውስጥ አንዱ ጋ ናት፤ «ከዚህ እስከዚያ» ያልኩት ደግሞ ከሰፈራችን ይሰፋል። ጠጠሩም ከሰው ቁመት በላይ ሳይሆን አይቀርም። አባባ ቢቆፍሩ አይደርሱባትም። ይህን ነው የማውቀው። ስንት ዓመት የተማርኩት ለዚህ ለአንዲት ጥያቄ ሲሆን አልጠቀመኝም።

አሁን የደበቅኩሽን ልንገርሽ። የመኖሪያ ፈቃዴ ጊዜው ካለፈ ቆይቷል። ከዚህ አገር ከወጣሁ ተመልሼ አልገባም፤ ሥራዬም፣ እዚህ የገነባሁት ሁሉ፣ አብሮ ያበቃል። ስትጠሪኝ ዝም ያልኩት ለዚያ ነው። ለእማዬ ቀብር ያልመጣሁትም ያኔ ወረቀቱ እስኪሰጠኝ ስጠብቅ ነበር። ከእንግዲህ ግን ምን እጠብቃለሁ? ልመጣ ቆርጫለሁ። ትኬት ለመቁረጥ ያንቺን መልስ ብቻ እየጠበቅኩ ነው። መጥቼ ከአባባ ጋር ጠጠሩ ላይ እቀመጣለሁ፣ እውነቱን እኔው እነግራቸዋለሁ። እስከዚያው አንቺ የሚሻልሽን ንገሪያቸው።

ወንድምሽ

ሰኔ 15

ይድረስ ለማልተካህ ወንድሜ፣

በሄድክበት ሁሉ ፊት ይስጥህ፤ የጠፋብህን ወረቀት፣ የቀረብህን እንቅልፍ፣ ፈጣሪ በእጥፍ ይመልስልህ። ያን ሁሉ ዘመን ብቻህን ተሸክመኸው ኖርክ? እኔ ደግሞ በየደብዳቤው ስነዘንዝህ። ማሪኝ እንዳትለኝ፤ ማረኝ የምልህ እኔ ነኝ።

ደብዳቤህን ለአባባ አነበብኩላቸው። ማለቴ ወረቀቱን ፊቴ ዘርግቼ የተናገርኩት ሌላ ነው። በሻሼ ጆሮዬን ሸፍኜ ነበር። «ከገደሉ አፍ ተነሥታችሁ፣ የካቡን ስባሪ በስተቀኝ ትታችሁ፣ ትልቁ ጥቁር ቋጥኝ ካለበት ወደ ባሕሩ ስትወርዱ፣ እዚያ ናት ይላል» አልኳቸው። ጥቁሩን ቋጥኝ የመረጥኩት ጥላ ስላለው ነው፤ ቢቀመጡ ፀሐይ እንዳይመታቸው። ይዣቸው ሄድኩ። «ከሰማይ አይቶ ነው?» አሉኝ። «አይቶ ነው» አልኩ። «እርግጠኛ ነው?» «እርግጠኛ ነው።» አካፋውን ጣሉት። ተንበርክከው ጠጠሩን በመዳፋቸው አስተካከሉ፣ እማዬ አልጋ ስታነጥፍ እንደምታደርገው። ከዚያ ዙሪያውን ድንጋይ ይለቅሙና ይደረድሩ ጀመር። ትንሽዬ ካብ ነው፣ እስከ ጉልበት። ማታ እህል ቀመሱ።

መዋሸቴን አላወቁ ይሁን ወይም አውቀው ይለፉኝ አላውቅም። እኔም አልጠየቅኳቸውም።

ጎርፉ ከሰረገ ወዲህ ጉድጓዳችን ጣፍጧል። እንዳልከው ነው፣ ባሕሩ ዝቅ አለ። የመጀመሪያውን ሻይ ለአባባ ቋጥኙ ሥር ወሰድኩላቸው፤ ቀምሰው ወደ ጠጠሩ ተመለከቱ። «በእሷ ላይ አልፎ የመጣ ውሃ ነው» አሉና ጨርሰው ጠጡት።

አሁን አንድ ጣጣ መጥቶብኛል። ወሬው ተዳርሷል። ያቺ ባሏን ውሃ ሊያስበሉት ነው ያለችው ጎረቤታችን ደጃፌ መጥታ «ወንድምሽ የእኔንም አይቶ ይጻፍልኝ» አለችኝ። ከእሷ በኋላ ሌሎቹም መጡ። ስፌት ቤቴ ቀኑን ሙሉ ሰው ነው፣ አንዱም ልብስ ሊያሰፋ አይደለም። የማን የት እንደተቀበረ ይነግሩኛል፣ «በእናትሽ እግርጌ ነበር፣ በአጥሩ በኩል ነበር» እያሉ። ላንተ እጽፋለሁ አልኳቸው። ሌላ ምን እላለሁ? ቦታ ቦታቸውን እኔ መርጬላቸዋለሁ፣ የተዋደዱትን አጠገብ ለአጠገብ አድርጌ። ዝርዝሩን ከዚህ ጋር አያይዣለሁ፤ አንተ ጽፈህ የላክኸው እንዲመስል ገልብጠህ በፊርማህ ላክልኝ።

ልመጣ ቆርጫለሁ ብለሃል። ይህችን ቃል ለማንበብ ስንት ዓመት እንደጠበቅኩ አንተ ታውቃለህ። ልጄ ሰምታ ፎቶህን ከግድግዳው አውርዳ ወልውላዋለች። አባባም በየቀኑ ከቋጥኙ ሥር ሆነው መንገዱን ያያሉ፤ «ይምጣና እዚህ ጋ ናት ብሎ በእጁ ያሳየኝ፣ ከዚያ ልሙት» ይላሉ።

ከመጣህ ይጠይቁሃል ወንድሜ። ፊትህን በሁለት እጃቸው ይዘው ይጠይቁሃል። ጆሮህን ያዩታል።

ና ስልህ የኖርኩት እኔው ነኝ፤ ዛሬ እግርህ ላይ ወድቄ የምለምንህም እኔው ነኝ። አባባ በሕይወት እስካሉ ድረስ አትምጣ።

እህትህ